የአትጠገብ መቀነት

የአክስቴ ልጅ አለምነህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ እኔ እስካለሁበት እስከ ድሬዳዋ የመጣው መቀነት ሊወስድ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ የአገር ቤት ደኅንነት ይጠየቃል። እሱ ግን የባቡሩን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ጀመረው።

“እትዬ ትርንጎ፣ ቤተ ዘመዱ መክሮ ነው የላከኝ። የአትጠገብን እርም እናውጣ ተባብለናል። አልቅሰንላት፣ ፍትሐቷን አስፈትተን፣ ተስካሯን እንድናወጣ። መቼም ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ እንዲያው በባዶ ሜዳ አይለቀስም። ልብሷን ይዘን እንድናለቅስ እርስዎ ዘንድ ያለውን መቀነት ይስጡን።”

“ግባና ተቀመጥ” አልሁት።

አትጠገብ ታላቅ እኅቴ ናት። ጣሊያን ባሕር ዳር በነበረበት ዘመን፣ አንድ የክረምት ጧት ታንኳ ላይ ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እሷንም ሬሳዋንም አየሁ የሚል እውነተኛ ምስክር አልተገኘም። ጣሊያን ወጣ፤ እኔ አገባሁ፤ ባሌ ባቡር ላይ ሥራ ስላገኘ ተከትየው ወደዚህ ወደ አሸዋው አገር መጣሁ፤ ልጆች ወለድሁ፤ ጠጉሬ ሸበተ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ነገር አልቆረጠችልኝም። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስም ስሰጥ እናትና አባቴን ከሙታን ጋር፣ ባሌንና ልጆቼን ከሕያዋን ጋር አስነሣለሁ። አትጠገብ ላይ ስደርስ አንደበቴ ይታሰራል። ሞታ ከሆነ ያለ ፍትሐት አስቀረኋት ማለት ነው። በሕይወት ካለች ደግሞ በቁሟ ተስካር ማውጣት በገዛ እጄ እሷን መቅበር ነው። ሁለቱንም እፈራለሁ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ።

እሷ ግን አትፈራም ነበር። አለምነህ መልሴን እየጠበቀ እቤቴ በሰነበተባቸው ቀናት ሌላ ነገር አላሰብሁም። እንግዲህ ያላያት ሰው እንዲያውቃት ያህል ልናገር።

አትጠገብ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ነበረች። ከሁሉ የሚቀድማት ሳቋ ነው፤ ገና ሳትታይ ትሰማለች። እናታችን በዚህ ትናደድባት ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ ሳቅሽን ቀንሽው! ካህናቱ ይሰሙሻል።”

“ይስሙኝ እንጂ፣ እምዬ! እነሱ ሲጮኹ እኔ እሰማቸው የለ?”

እኔ ያን ጊዜ አማትቤ እሸሻለሁ። ስለዚህም ይሆናል ገና በልጅነቴ “እማሆይ” ብላ ስም ያወጣችልኝ። “እማሆይ ትርንጎ፣ እስቲ ለእኔም ስገጅልኝ፣ እኔ ጉልበቴን ለቀዘፋ እፈልገዋለሁ” ትለኝ ነበር። እየተናደድሁም እሰግድላት ነበር።

ቤታችን ከሐይቁ ዳር ነበር። ጎረቤታችን አባ ኑሩ የሚባሉ ሙስሊም ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራ። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በልጥ እየተጠፈረ ይታሰራል። ሰውና ጭነት እንዳይረጥብ ደግሞ ከላይ ሌላ የደንገል እስር ለብቻው ይነጠፍበታል። ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከመንገድ በገባ ቁጥር ከውሃ ወጥቶ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መድረቅ አለበት። ይህን የእኛ አገር ሕፃን አፉን ሳይፈታ ያውቀዋል።

አትጠገብ ውሃ ቅጂ ተብላ ስትላክ ማድጋዋን አባ ኑሩ ደጃፍ ጥላ ደንገል ስትጠፍር ትገኛለች። እሳቸውም መጀመሪያ ከበዳቸው።

“ልጄ፣ ሴት ልጅ ታንኳ ስትሠራ አይቼ አላውቅም እኮ።”

“እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አይቻለሁ ይበሉ፣ አባ ኑሩ።”

ሽማግሌው ሥቀው ልጡን አቀበሏት። ውላ አድራ ቀዘፋውንም ቻለችበት። እንጨትና ቡና ከዘጌ እየጫነች ትመላለስ ጀመር። ጉማሬ ብቅ ሲል ሌላው ሰው ጸሎቱን ያነበንባል፤ እሷ ግን “ጌታው፣ ዞር ይበሉልኝ፣ ገበያ ይረፍድብኛል” ትለዋለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዞር ይልላት ነበር።

ዳሯት እንዲያውም። መሸንቲ አጠገብ ለሚኖር፣ በሬውም ጥማዱም ለሞላለት፣ ደኅና ሰው ዳሯት። አንድ ክረምት ከርማ በእግሯ መጣች። ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ።

“መታሽ?” አሏት።

“ኧረ ጨዋ ሰው ነው። አልመታኝም።”

“አስራበሽ?”

“ጥጋብ ነው ጌቶቼ፣ ወፍሬ የለም እንዴ?”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ቤትሽን ጥለሽ የመጣሽው?”

“ከቤቱ ውሃ አይታይም።”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሊያቃልለው ፈልጎ፣ “የውሃ ጉድጓድ ቢቆፍርልሽስ?” አላት።

“ጉድጓድ ማዶ አለው?” አለች።

ሳቁ አመለጣቸው፤ ነገሩም እንዲያው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። አባታችን ነበር “ተያት፣ ልጂቱን የፈጠራት ያውቃል” ያላት። አባቴ አትጠገብን አብልጦ ይወዳት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም አልቀየምሁበትም።

ደግሞ ሥርዓት አታውቅም እንዳትሉብኝ። ሴት እግሯን የማታሳርፍበት ገዳም አለ፣ ደሴት ላይ። ሰው የተሳለውን እህል እሷ ናት የምታደርስላቸው። መነኮሳቱ ዳር ድረስ ወርደው ይቀበሏታል፤ እሷ ከታንኳዋ ላይ ሳትወርድ እያቀበለች ትመለሳለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር፣ ነፍሴ በእጄ ሆና። አንድ ሸምገል ያሉ አባት እህሉን ሲቀበሏት፣ “ልጄ፣ ሁልጊዜ እስከዚህ እየመጡ አለመግባት አይከብድሽም?” አሏት።

“እግሬን ከለከላችሁት እንጂ ዓይኔ እኮ ገብቶ ተሳልሟል፣ አባ” አለቻቸው። እሳቸውም ባረኳት።

ስንመለስ ታንኳውን መሐል ላይ አቆመችው። ወደ ሰሜን፣ ውሃውና ሰማዩ ወደሚገጥሙበት እያየች፣ “እማሆይ፣ ያ ማዶ ምን ይመስልሻል?” አለችኝ።

“ማዶማ ሰማይ ነው። አንቀሳቅሽው፣ በጊዮርጊስ!”

“ጎርጎራ ነው አሉ። አንድ ቀን ሄጄ አይቼ እነግርሻለሁ።”

“ማንን አስፈቅደሽ?”

ሳቀች። ያን ሳቅ እዚህ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬም እሰማዋለሁ።

ጣሊያን ሲመጣ ባሕር ዳር ጠበበችን። ወታደሩ ከሐይቁ ዳር ሰፈረ፤ ድንጋይ እየደረደረ ወደብ ሠራ፤ የሞተር ጀልባ አመጣ። አባታችን ጠመንጃውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ዘጌ በኩል ዱር ገባ። ከዚያ በኋላ አትጠገብ በእንጨት ጭነት ሥር በሶና በርበሬ እየደበቀች ታደርስላቸው ነበር። እናቴ ስታለቅስ፣ “እምዬ፣ የሞተሩ ጀልባ እኮ ከሩቅ ይጮኻል። እኔን ግን የሚሰማኝ ዓሣ ብቻ ነው” እያለች ታጽናናት ነበር።

አንድ ሰሞን አለቃቸው ትእዛዝ አወጣ። ታንኳ ሁሉ ተሰብስቦ አዲሱ ወደብ አጠገብ፣ ዘበኛ እንዲያየው፣ ውሃው ላይ ይታሰር ተባለ። አባ ኑሩ ሽማግሌዎች አስከትለው በአስተርጓሚው በኩል ለመኑት። “ጌታዬ፣ ያዙት ግድ የለም። ብቻ ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ነው የሚያድረው” አሉ። አስተርጓሚው ጠይቆ ሲመለስ ይሥቅ ነበር።

“ጀልባ ቦታው ውሃ ነው፣ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ጀልባውን ዛፍ ላይ የሚሰቅል? ብለዋል።”

እንግዲህ ምን ይባላል? የአገሩ ሰው እንጀራው በዓይኑ እያየ ዳር ላይ ሲበሰብስ ከንፈሩን እየመጠጠ ተመለሰ። ሰሞኑን ሙሉ ያ ሁሉ ደንገል ውሃውን እየጠጣ ሰነበተ።

በዚያው መሐል አንዲት ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን፣ ወታደሮች ቤቷ ሲጠጡ ሲያወሩ ሰማች፤ በማግስቱ በሞተር ጀልባ ዘጌ ተሻግረው ዱር ያሉትን ሊከቡ ነው። ለአትጠገብ ነገረቻት። በእግር ዞሮ ለመድረስ ጊዜ አልነበረም፤ መንገዱም ኬላ ነበረበት።

በማግስቱ ጧት በማለዳ እኔ ለጊዮርጊስ በዓል የእናቴን ነጠላ በእንዶድ እያጠብሁ ዳር ላይ ነበርሁ። ጉም ወርዶ ውሃው አይታይም። አትጠገብ ከኋላዬ መጣች፤ አባ ኑሩ እግር በእግር ይከተሏታል።

“ጠጥቷል ልጄ፣ ስሚኝ” ይሏታል በሹክሹክታ። “ያ ታንኳ ጠግቦ ጠጥቷል። ዘጌ አያደርስሽም።”

“እኔም ጠጥቼ አውቃለሁ፣ አባ ኑሩ። እየተንገዳገድሁም ቢሆን ቤቴ ገብቻለሁ።”

“በአላህ ተይ! ቀልድ አይደለም።”

“አባቴ እዚያ ነው ያለው” አለች። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ከዚያ መቀነቷን ፈታች። ረዥም፣ ነጭ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ እናታችን የፈተለችላት ነው። እኔ እማጥብበት ድንጋይ ላይ ጣለችው።

“ሲርስ ይጎትተኛል። ያዥልኝ፣ እማሆይ።”

“አትጠገብ…” ስል ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ዘበኛው፣ አማርኛ የሚችል አስካሪ ነው፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከወደቡ ወዲያ ማዶ ቆሟል። የገመዱ መፈታት እንኳ አልተሰማም። ጉሙ ተቀበላት።

ጉሙ ግን አልቆየላትም። ንፋስ መጣና ገለጠው። አየኋት። ታንኳው ከውሃው በላይ አይታይም፤ እሷ ውሃው ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስል። የቀዘፋ ቀርቀሃውን በግራ በቀኝ ትገፋለች። እየራቀች በሄደች ቁጥር ዝቅ ትላለች። “ተመለሽ!” ብዬ እንዳልጮህ ዘበኛውን መጥራቴ ነው። ዝም እንዳልል እኅቴ እየሰጠመች ነው። አባ ኑሩ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል።

ዘበኛው ዘወር ሲል አየሁት። ምን እንዳሰብሁ አላውቅም፤ የእናቴን ነጠላ አንሥቼ ድንጋዩን በኃይል እደበድበው ጀመር። ወደ እኔ መጣ።

“ምን ሆንሽ አንቺ? ድንጋዩን ልትሰብሪው ነው?”

“ለበዓል ነው፣ ጌታው። እድፉ አልለቅ ብሎኝ ነው።”

“በዓላችሁ ደግሞ አያልቅም” አለና ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ እዚያው ቆመ፤ ትንባሆውን እያጨሰ ያየኝ ጀመር። እኔም ቀና ማለት አልቻልሁም። ዓይኔ ከሄደ ዓይኑ ይከተለዋል። ትንባሆው እስኪያልቅ ድንጋዩን እያየሁ ነጠላውን ደበደብሁት። ጥሎኝ ሲሄድ ቀና አልሁ። ሐይቁ ባዶ ነበር። ፀሐይ ወጥቶበት ሜዳ መስሎ ተኝቷል።

ታንኳው ከቀናት በኋላ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ቄጠማ ይዞት ተገኘ። ውሃ ያራሰው ደንገል ፈጽሞ አይሰጥምም፤ እየተንሳፈፈ ይመጣል። እናቴ መሬት ላይ ወደቀች። አባ ኑሩ ግን ታንኳውን አገላብጠው ሲያዩ ቆዩና እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ።

“ትርንጎ ልጄ፣ ከላይ የሚነጠፈው እስር የለም።”

“ማዕበሉ ወስዶት ነዋ።”

“ማዕበል ቢወስደው ልጡ ይበጠስ ነበር። ልጡ አልተበጠሰም። ተፈትቷል፤ በእጅ ነው የተፈታው። እኔ ያስተማርኋት ቋጠሮ ነው፤ ሌላ ሰው በቶሎ አይፈታውም።” ልጡን በጣታቸው ዳሰሱና፣ “ያኛው ብዙ አልጠጣም ነበር። አቅፋው ልትዋኝ ፈትታው ይሆናል። ወዴት እንደዋኘች ግን እኔ ምን አውቄ” አሉኝ።

ወታደሮቹ ዘጌ ሲደርሱ ዱሩ ውስጥ የነደደ እሳት አመድ እንጂ ሰው አላገኙም። ጣሊያን ወጥቶ አባቴ ሲመለስ ነው ነገሩን የሰማን። ያን ጧት ከውሃው በኩል “ሽሹ! አባባ፣ ሽሹ!” የሚል ድምፅ ሰምተው ነው አካባቢውን የለቀቁት። ወደ ዳር ቢወርዱ ማንንም አላገኙም። አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ “የእሷ ድምፅ ነው። ደግሞ የሚሰጥም ሰው ድምፅ አይደለም፣ እኔ የሚሞት ሰው ድምፅ አውቃለሁ” ይል ነበር። እናቴ ደግሞ፣ “ደርሳ ከሆነ ለምን ዳር አልወጣችም? ለምን አንተ ዘንድ አልመጣችም?” ትለዋለች። እንዲያ እንደተባባሉ ተከታትለው ሄዱ።

እሷ ከሄደች ወዲያ ወሬ አላጣንም። አንዱ ጎርጎራ ዓሣ ስትሸጥ አየኋት ይላል። ሌላው እንፍራንዝ ገበያ ላይ ሳቋን ሰምቼ ዞር ብል ጠፋችብኝ ይላል። አባቴ እንፍራንዝ ድረስ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። እኔም አንዳንድ ቀን ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ዘጌን አትርፋ፣ ማዶውን አይታ፣ እግሯ እዚያው ቀርቶ ይሆን? እኛን እንዲህ አስለቅሳ ትቀር ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አትቀርም ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። ከጥጋብ ቤት ውሃ አይታይም ብላ የወጣች ናት። ይህን ሳስብ ደግሞ እናደድባታለሁ፤ ተናድጄም ወዲያው ደስ ይለኛል፣ የሚናደዱባት በሕይወት ያለች ናትና።

አለምነህ ሊሄድ ሲነሣ መቀነቱን ከሳጥኑ አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጥለቱን ዳሰስሁት። እጁን ዘረጋ።

“አልሰጥህም፣ ወንድሜ” አልሁት።

“እትዬ! ያን ሁሉ አገር አቋርጬ?”

“ያዥልኝ ነው ያለችኝ። ለለቅሶ ስጭልኝ አላለችኝም።”

“እስከ መቼ ነው ታዲያ?”

“እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ወንድም።”

ቅር ብሎት አንገቱን ደፋ። “እኛ ግን እናለቅሳለን። ቀኑ ተቆርጧል፤ ለካህናቱም ተነግሯል። የእኛም እኅት ናት፣ እኛም እርማችንን ሳናወጣ እንቅር ወይ?”

እውነቱን ነው። ምን ብዬ እከለክላቸዋለሁ? እዚህ ሆኜ እዚያ የሚለቀሰውን ለቅሶ በምን እጄ እይዘዋለሁ? ስንቁን ቋጥሬ ሰጠሁት። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘሁት። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት፣ “ምን ብለዋል ልበላቸው?” አለኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ባቡሩ ጮኸና ሳልመልስለት ሄደ።

እነሱ በሚያለቅሱበት ቀን ቅዳሴ ቆምሁ። መቀነቱን ከነጠላዬ ሥር ታጥቄዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁትን ቅዳሴ ዲያቆኑ እያዜመ፣ በባሕርና በየብስ ለሚጓዙት ጸልዩ ከሚለው ላይ ደረሰ። ስንት ዘመን ሰምቼው አልፌአለሁ! ያን ቀን ግን ከነጠላዬ ሥር መቀነቱን ጨብጬ ያዝሁ።

ሕዝቡ ሲወጣ ወደ ነፍስ አባቴ ቀረብሁ።

“አባ፣ ለጸሎት ስም ላስመዝግብ ነበር። በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳንን ያንሡልኝ። እኅቴ ናት።”

“እሺ ልጄ። ከሙታን ነው ከሕያዋን?”

“ከመንገደኞች።”

“መልካም። መቼ ነው የተነሣችው?”

“ጣሊያን እያለ።”

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን… እስካሁን እኮ ደርሳ ይሆናል” አሉኝ።

“ደርሳ ቢሆን፣ አባ፣ መቀነቴን ላኪልኝ ብላ ትልክብኝ ነበር።”